የሠራተኛ ፋይል፣ አሻራና የቴሌግራም ግሩፕ፦ የግል ዳታ አዋጁን በትንሽ ድርጅት ውስጥ እንዴት ሥራ ላይ እናውለው?

አንድ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሬ ስሠራ የወሩ የደመወዝ ዝርዝር በስህተት የሠራተኞች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባ። ፋይሉ መሄድ የነበረበት ሥራ አስኪያጁ ጋ ነበር። የሒሳብ ሠራተኛዋ ጣቷ ሳተና ስልሳ ሰው ያለበት ግሩፕ ላይ ለቀቀችው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አጠፋችው፤ ግን ረፍዷል። ማን ስንት እንደሚያገኝ፣ ማን ከድርጅቱ እንደተበደረ፣ የማን ደመወዝ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለልጅ ቀለብ እንደሚቆረጥ ሁሉም አወቀ። ቀለብ የሚቆረጥበት ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳውን ብቻውን ይበላ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ለቀቀ።

ያኔ «ስህተት ነው» ተባለና ታለፈ። ዛሬ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ራሱን የቻለ ሕግ አለ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅን አጽድቋል። ቁጥሩ 1321/2016 ነው። የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ቀደም ብሎ የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ አሠሪው ስለ ሠራተኛው ምን መዝግቦ መያዝ እንዳለበት ይናገራል። ሁለቱ ሕጎች የሚገናኙት የሠራተኛው ፋይል ላይ ነው።

ብዙ ባለቤቶች አዲሱን አዋጅ የባንክና የቴሌኮም ጉዳይ አድርገው ያዩታል። አይደለም። አሥራ አምስት ሰው የቀጠረ ዳቦ ቤትም የአሥራ አምስት ሰው መታወቂያ፣ ስልክ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የተያዥ ወረቀት ይዟል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሕግ ክፍል ለሌላቸው፣ የሰው ኃይሉንም ሒሳቡንም አንድ ሰው ለሚሠራባቸው ድርጅቶች ነው።

1. መጀመሪያ ያላችሁን ቁጠሩ

ፖሊሲ ለመጻፍ አትቸኩሉ። ከኢንተርኔት የተገለበጠ ፖሊሲ ግድግዳ ላይ ከመስቀል አንድ ከሰዓት ወስዶ መሳቢያውን መክፈት ይበልጣል። አንድ ወረቀት ውሰዱና አራት ዓምድ አስምሩ፦ ምን ዳታ አለ፣ የት ተቀምጧል፣ ማን ያየዋል፣ ለምን ያስፈልገናል።

ከዚያ ዙሩ። የብረት ካቢኔቱን ክፈቱ። የጸሐፊዋን ኮምፒውተር ዴስክቶፕ እዩ። የአሻራ ማሽኑን፣ የካሜራውን መቅጃ፣ የጥበቃውን የእንግዳ መዝገብ እዩ። የሥራ አስኪያጁን ስልክም አትርሱ፤ ሲቪ የሚላከው በቴሌግራም ከሆነ የመቶ ሰው ሲቪ እዚያ ተኝቷል። ወረቀት ላይ ያለውም እንዳይቀርባችሁ። በሥርዓት የተደራጀ የወረቀት ፋይልም በአዋጁ ሽፋን ውስጥ ነው።

ስትቆጥሩ የሚያስደነግጣችሁ ነገር አይጠፋም። እኔ ካጋጠመኝ አንዱ ይኸውላችሁ። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 የገቢ ግብር ሲሻሻልና እስከ 2,000 ብር ያለው የወር ደመወዝ ከግብር ነፃ ሲሆን፣ ሒሳብ ሠራተኞች አዲሱን ስሌት የሚሠራ ኤክሴል እርስ በርስ ተላላኩ። እኔ ጋ የደረሰው ፋይል ውስጥ የማላውቀው ድርጅት ሠራተኞች ስም፣ ደመወዝና የባንክ ቁጥር ቁልጭ ብሎ ተቀምጦ ነበር። የላከው ሰው ስሌቱን እንጂ ስሞቹን አላሰባቸውም።

2. ለእያንዳንዱ ዳታ ምክንያቱን ጻፉ

አዋጁ የግል ዳታን ለመያዝ ሕጋዊ ምክንያት ይጠይቃል። የሰውየው ፈቃድ አንዱ ምክንያት ነው፤ ብቸኛው ግን አይደለም። የሥራ ውልን ለመፈጸም የሚያስፈልግ ዳታ አለ፦ ለምሳሌ ደመወዝ የሚገባበት የባንክ ቁጥር። በሕግ ግዴታ የሚያዝም አለ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ መዋጮ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ የሚገባው በስም ተለይቶ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ መሠረትም አሠሪው የሠራተኛውን ዋና ዋና መረጃ፣ የሳምንት ዕረፍትና ፈቃድ፣ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳትን መመዝገብ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ። ሁሉን ነገር «ተስማምቻለሁ» በሚል ፊርማ ለመሸፈን አትሞክሩ። እንጀራው በእጃችሁ ያለ ሰው ወረቀት ሲሰጠው ይፈርማል። እንዲህ ያለ ፊርማ ነገ ክርክር ቢነሳ በነፃ ፈቃድ የተሰጠ ነው ብሎ ማስረዳት ይከብዳል። ሕግ ወይም ውል የሚያስይዛችሁን በዚያው ምክንያት ያዙት። ፈቃድን እምቢ ማለት በእውነት ለሚቻልበት ነገር አስቀምጡት፤ ለምሳሌ ለማስታወቂያ ፎቶ።

ምክንያት ያጣችሁለትን ዳታ ግን መሰብሰብ አቁሙ። የያዛችሁትንም አስወግዱ።

3. የቅጥር ቅጹን ቀይ እስክሪብቶ ይዛችሁ አንብቡ

በየድርጅቱ የሚዞረው የቅጥር ቅጽ አንድ ዓይነት ነው፤ ከአንዱ አንዱ እየገለበጠው የመጣ። ሃይማኖት ይጠይቃል፣ ብሔር ይጠይቃል፣ የጋብቻ ሁኔታ ይጠይቃል። «ለምንድን ነው የምትጠይቁት?» ስትሉ «ቅጹ ላይ ስላለ» ይሏችኋል።

በአዲሱ አዋጅ ብሔርና ዘር፣ ሃይማኖት፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ የጤና ሁኔታ፣ የሠራተኛ ማኅበር አባልነት፣ አሻራና ሌላ የአካል መለያ ልዩ ጥበቃ የሚሰጣቸው ስሱ ዳታዎች ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም በእነዚህ በብዙዎቹ ምክንያት ማዳላትን ይከለክላል። ዳቦ ጋጋሪ ለመቅጠር ሃይማኖቱን ማወቅ የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም። ሰርዙት። የጋብቻ ሁኔታንም በማመልከቻው ቅጽ ላይ አትጠይቁ። የቤተሰብ መረጃ ለጡረታ ካስፈለገ ሰውየው ከተቀጠረ በኋላ ይሞላል።

ጤናን በተመለከተ ሕጉ ከድሮም ግልጽ ነው። አሠሪው የሠራተኛውን የጤና ሁኔታ ሲመዘግብ ኤች አይ ቪ ኤድስ ከዚያ ውጭ ነው። «ሙሉ ምርመራ አምጣ» ብላችሁ ወደ ክሊኒክ የምትልኩ ከሆነ፣ ክሊኒኩ የሚጽፍላችሁ «ለሥራው ብቁ ነው» ወይም «አይደለም» የሚለውን ብቻ ይሁን። የደም ምርመራው ዝርዝር በእናንተ ፋይል ምን ይሠራል?

ተያዥ ደግሞ የተረሳ ጉዳይ ነው። ገንዘብ ያዥ፣ ሾፌር ወይም የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሲቀጠር ተያዥ ይጠየቃል። ተያዡ የመታወቂያ ኮፒውን፣ ፎቶውንና የደመወዙን ደብዳቤ ይሰጣል። ይህ ሰው የእናንተ ሠራተኛ አይደለም፤ ዳታው ግን እናንተ ጋ ነው። መብቱም እንደ ሠራተኛው ነው። ሠራተኛው ለቆ ርክክብ ከተጠናቀቀና የተያዡ ኃላፊነት ካበቃ ወረቀቱን መልሱለት። የስምንት ዓመት የተያዥ ደብዳቤ የሞላበት ካርቶን አይቻለሁ። ከውስጡ ግማሹ በሕይወት የሌሉ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

የፋይዳ ካርድ ኮፒም እንዲሁ። ማንነቱን ለማረጋገጥ ከሆነ አረጋግጡና አንድ ኮፒ በአንድ ፋይል ያዙ። በሒሳብ ክፍል፣ በጥበቃ ቤትና በሥራ አስኪያጁ ስልክ እየበተናችሁ አታስቀምጡት።

የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ስታወጡ ከሥሩ ይህን የመሰለ አጭር ጽሑፍ ጨምሩ፦

«የምትልኩልንን ሲቪና ማስረጃ የምንጠቀምበት ለዚህ ቅጥር ብቻ ነው። የሚያዩት የቅጥር ኮሚቴው አባላት ናቸው። ካልተመረጣችሁ ውጤቱ ከተገለጸ በኋላ በ3 ወር ውስጥ እናስወግደዋለን። ሲቪያችሁን ለወደፊት ክፍት ቦታ እንድናቆየው ከፈለጋችሁ ማመልከቻው ላይ ጻፉልን።»

3 ወሩን እኔ ነኝ የመረጥኩት። እናንተ በሥራችሁ ልክ አስተካክሉት፤ ግን የጻፋችሁትን አክብሩ።

4. የአሻራ ማሽኑ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አደጋው ከሁሉም የሚከፋው በዚህ በኩል ነው። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል። አሻራ አይቀየርም። ሆኖም ከሠራተኛ ፋይል ሁሉ በጣም ሳይጠበቅ የሚቀመጠው እሱ ነው። ማሽኑ በር ላይ ይሰቀላል፣ የገጠመው ባለሙያ የሚጠቀምበት የይለፍ ቃል ሳይቀየር ይቀራል፣ ከሦስት ዓመት በፊት የለቀቀ ሰው አሻራ አሁንም በሩን ይከፍታል።

በቅደም ተከተል እንዲህ አድርጉ። ማሽኑን የሸጠላችሁን ሰው ጥሩና አሻራው የት እንደሚቀመጥ ጠይቁት፦ እዚያው ማሽኑ ውስጥ፣ በእናንተ ኮምፒውተር ወይስ በሻጩ ሰርቨር? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ቀጥሎ ማሽኑ ሲገጠም የነበረው የይለፍ ቃል እዚያው ፊታችሁ ይቀየር። ከዚያ የለቀቁ ሠራተኞችን ዝርዝር አውጡና አሻራቸውን አንድ በአንድ ሰርዙ። ለአሁኖቹም አሻራቸው ለምን እንደተወሰደና መቼ እንደሚጠፋ ንገሯቸው። በመጨረሻም አሻራ መስጠት ለማይፈልግ ወይም በሥራው ምክንያት አሻራው ለማይነበብ ሰው ሌላ መንገድ ይኑር። ግንበኛና ቀለም ቀቢ በየጠዋቱ ማሽኑ ፊት ሲታገል ማየት ያሳዝናል። የካርድ ወይም የፊርማ መዝገብ በቂ ነው።

ማሽኑ በሥራ ክርክርም ትልቅ ቦታ አለው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 መሠረት፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛን አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ማሰናበት ይችላል። በተመሳሳይ ሁኔታ ለ5 ቀናት ከሥራ የቀረውንም እንዲሁ። ማስረዳት ያለበት ግን አሠሪው ነው። የማሽኑ ሰዓት 7 ደቂቃ የሚቀድም ከሆነ፣ ወይም መብራት ጠፍቶ የአንድ ቀን መዝገብ ከጎደለ፣ የያዛችሁት ማስረጃ ይፈርሳል። ትክክለኛነት የግል ዳታ አዋጁም መርሕ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው የወሩን የሰዓት መዝገቡን አይቶ ከመዘጋቱ በፊት «ይህ ስህተት ነው» የሚልበት ዕድል ስጡት። የትርፍ ሰዓት ክፍያም ከዚሁ ነው የሚነሳው፦ በአዘቦት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ። መዝገቡ ሲዛባ ሰው ገንዘቡን ያጣል።

5. ካሜራና ስልክ

ካሜራ ካላችሁ ማስታወቂያ ለጥፉ፤ ከመግቢያው ላይ በሚነበብ ፊደል። ልብስ መቀየሪያና መጸዳጃ ቤት አካባቢ ካሜራ አይደረግም። ቅጂው ስንት ቀን እንደሚቆይ ወስኑና መቅጃው ራሱ እንዲሰርዝ አስተካክሉት። ሥራ አስኪያጁ ቤቱ ሆኖ በስልኩ ቀኑን ሙሉ ሠራተኛ የሚያይበት ልማድ አለ። ካሜራው የተገጠመው ለሌባ ከተባለ ለሌባ ብቻ ይሁን።

የሠራተኛውን የግል ቴሌግራም ወይም ኢሜይል በሥራ ኮምፒውተር ላይ ክፍት ስላገኛችሁት አታንብቡ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና የመልእክት ልውውጥን ይጠብቃል። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ያለፈቃድ የሰው ሲስተም ውስጥ መግባትና መልእክት መጥለፍ ወንጀል ነው። «ኮምፒውተሩ የኛ ነው» ማለት ከወንጀል ክስ እንደሚያድን ጠበቃ ሳታማክሩ አትመኑ። የሥራ ኢሜይልን የምትከታተሉ ከሆነ ቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ።

6. ፎቶ

አሁን ሁሉም ቲክቶክ ላይ ነው። አስተናጋጇ ስትደንስ፣ ሻጩ ጫማ ሲያሳይ ይቀረጻል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይከለክላል። ሕጉ ከኢንተርኔት በፊት የተጻፈ ቢሆንም ነገሩ ያው ነው። ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ የት እንደሚለጠፍና ሰውየው ሲለቅ ምን እንደሚሆን ይጻፍበት። እምቢ ያለ ሰው በሥራው ምንም አይድረስበት።

የለቀቀ ሠራተኛን ፎቶ ፌስቡክ ላይ አውጥቶ «ከድርጅታችን ጋር ግንኙነት የለውም» ማለትም እየተለመደ ነው። ይህን በጣም እቃወማለሁ። ደንበኞቻችሁን ማሳወቅ ካለባችሁ ስልክ ደውሉ፣ ደብዳቤ ጻፉ፣ የውክልና ሥልጣን ከነበረው በሕጉ መንገድ አንሱ። ፎቶው አንዴ ከወጣ ያ ሰው ሌላ ሥራ ሲፈልግ ሁሉ እየተከተለው ይኖራል። ሰዉ ስሙን ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያገኘው ያንን ነው።

7. ቴሌግራም ግሩፑን ለዩ

ግሩፑ ለፈረቃና ለማስታወቂያ ብቻ ይሁን። ደመወዝ፣ የሕክምና ወረቀት፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እዚያ አይገባም። ማስጠንቀቂያ ለሰውየው ብቻ ተሰጥቶ በኮፒው ላይ ይፈርማል። የወሊድ ፈቃድም፣ ከወሊድ በፊት 30 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ መብት ነው፤ እርግዝናዋን ግን ለግሩፑ የምትናገር ከሆነ እሷ ትናገር።

የደመወዝ ፋይሉን በይለፍ ቃል ቆልፉት። የይለፍ ቃሉን ከፋይሉ ጋር በአንድ መልእክት አትላኩ። ለሠራተኛው የራሱን መስመር ብቻ ስጡት። ከላይ የነገርኳችሁ ሰው ሥራውን የለቀቀው ይህ ባለመደረጉ ብቻ ነው።

8. ሌላ ሰው ዳታችሁን የሚይዝ ከሆነ

የደመወዝ ሶፍትዌር፣ የውጭ ሒሳብ ሠራተኛ፣ የቅጥር ኤጀንሲ፣ የጥበቃ ድርጅት። ከእያንዳንዳቸው ጋር የጽሑፍ ውል ይኑራችሁ፤ ዳታውን ከታዘዙት ውጭ እንዳይጠቀሙ፣ ከጠፋባቸው ወዲያው እንዲነግሯችሁ፣ ውሉ ሲያልቅ እንዲመልሱ ወይም እንዲያጠፉ። ሰርቨሩ የት ሀገር እንዳለም ጠይቁ፤ አዋጁ የግል ዳታ ከሀገር ሲወጣ መሟላት ያለበትን ይደነግጋልና። አዲስ አበባ ቁጭ ብላችሁ ለአውሮፓ ደንበኛ የምትሠሩ ከሆነ ደንበኛው ከግንቦት 2010 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ጥበቃ ሕግ ተመሳሳይ ውል ያስፈርማችኋል። ሁለቱ ሕጎች በብዙ ነገር ስለሚመሳሰሉ አንዱን በደንብ ከሠራችሁ ሌላው ይቀላል።

አዋጁን በሚያስፈጽመው በኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ ዘንድ ስለ መመዝገብና የዳታ ጥበቃ ኃላፊ ስለ መመደብም ቢሮው ሄዳችሁ እናንተን የሚመለከተውን በቀጥታ ጠይቁ።

9. 72 ሰዓት

ዳታ ሲጠፋ፣ ሲሰረቅ ወይም ወደ ማይገባው ሰው ሲሄድ ለባለሥልጣኑ በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለባችሁ። 72 ሰዓት ሦስት ቀን ነው። ዓርብ ከሰዓት ላፕቶፕ ቢሰረቅ ሰኞ ከሰዓት አልቋል። ስለዚህ ማን ለማን እንደሚደውል አሁን ወስኑ። አንድ ሰው ሰይሙ፤ ስሙንና ስልኩን ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

ለሠራተኞቻችሁ ደግሞ ይህን ንገሯቸው፦ ፋይል በስህተት የላከ ሰው ቶሎ ከተናገረ አይቀጣም። ቅጣት የሚፈራ ሰው ያጠፋና ዝም ይላል። ሰዓቱ ግን እየቆጠረ ነው። ጉዳቱ የሚነካቸውንም ሰዎች አትርሱ፤ የባንክ ቁጥሩ የወጣበት ሰው ከእናንተ አፍ መስማት አለበት።

10. ሠራተኛ ሲለቅ

የስንብት ቀን ይህን ዝርዝር ይዛችሁ ቁሙ። የሥራ ልምድ ማስረጃውን ስጡት፤ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ፣ በነፃ። በዚያ ላይ ስለ ጠባዩ፣ ስለ ሕመሙ ወይም ስለ ክርክራችሁ አንድ ቃል አትጨምሩ። ከግሩፑ አውጡት። ኢሜይሉን ዝጉ፤ የግል መልእክት ካለው ራሱ እንዲወስድ ጊዜ ስጡት። አሻራውን ሰርዙ።

ፋይሉን ግን በዚያው ቀን አትቅደዱ። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በ3 ወር ውስጥ፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ይቀርባል፤ ለሌሎች ጥያቄዎች ደግሞ አጠቃላዩ የጊዜ ገደብ 1 ዓመት ነው። የሥራ ውሉ፣ የሰዓት መዝገቡና ማስጠንቀቂያዎቹ ቢያንስ እስከዚያ ይቆዩ። የደመወዝ ዝርዝር ለግብርና ለጡረታ ሲባል ከዚያ በላይ ይቀመጣል፤ የቆይታውን ጊዜ ከሒሳብ ባለሙያችሁ ጋር ቁረጡት። የተያዡ ወረቀት ከርክክቡ በኋላ ይመለስ። የሕክምና ወረቀት፣ የድሮ መታወቂያ ኮፒ፣ ትርፍ ጉርድ ፎቶ ያኔውኑ ይወገድ። ሲወገድም ወረቀቱ ይቀደድ ወይም ይቃጠል፤ ለቆሎ መጠቅለያ ሱቅ እንዳይሄድ። በፋይሉ ሽፋን ላይ በትልቁ ቀን ጻፉበት፦ «የሚወገድበት ቀን»። ያችን ቀን ሥራ አስኪያጁ የቀን መቁጠሪያው ላይ ይመዝግባት።